የሟች ቤተሰብ ከፊት ይቀመጥ

ቨርኒስ ቲልማን ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ አክስቷ እማማ ሉቬኒያ ወጥ ቤት ቆመው በስልክ የራሳቸውን ለቅሶ ሲቀበሉ ሰማች።

«እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ እማማ፣ ድምፃቸውን ሰበር አድርገው። «አዎ፣ ለእኛም ከብዶናል… አይ፣ ብዙም አልተሰቃየች። እስከ መጨረሻው አፏ አልተዘጋም፣ እሱ ነው የሚያጽናናን።» ትንሽ አዳመጡ። «እኔማ በጣም የቅርብ ነኝ፤ ከእኔ የሚቀርባት የለም። ስንት እንሆናለን? ኧረ ብዙ ነን፣ ሁለት ረድፍ ያዙልን።» ስልኩን ዘጉና መጥበሻው ላይ ያለውን እንቁላል ገለበጡ።

«ማን ሞተብን?» አለች ቨርኒስ።

«እኔ» አሉ እማማ። «ቶሎ ልበሺ፣ በአራት ሰዓት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ሉቬኒያ እዚሁ ደርሃም ከተማ፣ ብራይተን በሚባለው ሰፈር ማዕዘን ላይ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተጠበሰ ዓሣ ሸጠዋል። ዓርብ ዓርብ ሰልፉ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ይደርስ ነበር። አከራያቸው ቤቱን ሸጠባቸውና ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ቨርኒስ የኋላ ክፍል ከገቡ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ዓሣ ቤቱ ፈረሰና በቦታው ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ተሠራ። መንግሥት ለዝቅተኛ ነዋሪ ቤት ለሚሠራ ባለሀብት ግብር ይቀንስለታል፤ ባለሀብቱ ያንን ቅናሽ ለባንክ ይሸጠዋል፤ ባንኩ የራሱን ግብር ያቃልልበትና ገንዘቡን ያመጣል። ያልተከፈለ ግብር ተሸጦ እንዴት ጡብ እንደሚሆን ቨርኒስ ሁለቴ ተነግሯት ሁለቴም አልገባትም፤ ብቻ ሕንፃው ቆሟል። ታዲያ የሰፈሩን ነባር ሰው ያከበረ ማመልከቻው በመልካም ዓይን ይታይለታልና፣ የኩባንያው ሰዎች ነባር ሰው ፍለጋ ሰፈሩን ሲዞሩ ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ ላይ ክንፍ አውጥተው የተሳሉ አምስት ሰዎች አገኙ፤ ሁሉም ሟች መስለዋቸው ከመካከላቸው እማማን መረጡና ሕንፃውን በስማቸው ሰየሙ፣ ለዛሬው ምርቃትም የሟች ቤተሰብ ጠሩ። አራቱ በእርግጥ ሞተዋል። አምስተኛዋን፣ እማማን፣ ግን ሠዓሊው የሳላቸው ፊታቸውን ወዶት ነው፤ እማማ ያን ጊዜ ክንፉ አነሰብኝ ብለው ከልጁ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ይህን ለኩባንያው የሚነግር ሰው አልተገኘም፤ የሚያውቁት ሁሉ በኪራይ ተገፍተው ከሰፈሩ ወጥተዋል። የቀሩትም የእማማን ስም ሕንፃው ላይ ሲያዩ አዘኑ እንጂ አልጠየቁም። እዚህ አገር በሕይወት ላለ ድሃ ሕንፃ አይሰየምለትም፤ ከተሰየመለት ሞቷል ማለት ነው።

ጉዱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ። ባለፈው ወር አክስትና የወንድም ልጅ ተያይዘው ወደዚያው ሕንፃ ማከራያ ቢሮ ሄደው ነበር። ኬንድራ የምትባል ፈገግተኛ ልጅ ተቀበለቻቸውና የእማማን ስም ስታይ፣ «ውይ፣ ከሕንፃው ጋር ሞክሼ ነዎት! እንዴት ደስ ይላል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ስታሰላው እማማ ለድሃ ቤት በጣም ድሃ ሆነው ተገኙ። ኪራዩ ሰባት መቶ ሃያ ዶላር ነው፤ ተከራይ ቢያንስ የኪራዩን ሁለት እጥፍ ተኩል ማግኘት አለበት፤ የእማማ ጡረታ ደግሞ ለዚያ አይደርስም። ቨርኒስ፣ «እንግዲያው በእኔ ስም ይሁን» ስትል ለእሷም ተሰላላትና ሀብታም ሆነች። የተማሪ አውቶቡስ የምትነዳ ሴት፣ በትርፍ ሰዓት ክፍያዋ የተነሣ፣ ከተፈቀደው የገቢ ጣሪያ በላይ ወጣች። በአንድ ጠዋት፣ ከአንድ ጠረጴዛ፣ አንዷ አንሳ ሌላዋ በልጣ ተመለሱ። ቨርኒስ በዕድሜዋ ሀብታም ተብላ ስለማታውቅ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ መጣች። እማማ ግን አልሳቁም፤ እሷ መኪናውን እስክታመጣ ድረስ እንደ እሳቸው ከተመለሱት ሰዎች ጋር በር ላይ ቆመው ስልክ ቁጥር ሲለዋወጡ ነበር።

ቨርኒስን የሚበላት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጇ ቴሬል ከውትድርና ተሰናብቶ፣ ሚስቱንና ገና ያልዳኸ ልጁን ይዞ፣ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ቤቱ ሁለት መኝታ ነው፤ የኋላው ክፍል የአክስቷ ነው። ይህን ለመናገር ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣው ግን «ዛሬ ይበርዳል» ነው። አባቷ ሲሞት የወሰዷትን፣ በዓሣ ገንዘብ ያሳደጓትን ሴት በየትኛው አፏ ልቀቂልኝ ትበል? እማማ «አዎ ይበርዳል» ይሏታል፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ የሥራ ልብሷን ለብሳ ትወጣለች። ያ ቢሮ እሺ ቢል ኖሮ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ትገላገል ነበር። ሁለቱም ይህን ክፍል ሳያነሱ ስለ ሌላው ሁሉ፣ ስለ ዶሮ ዋጋም፣ ስለ ጎረቤት ፍቺም፣ እንደ ጉድ ያወራሉ።

እማማ ከክፍላቸው ሲወጡ ከእግር እስከ ራስ ነጭ ለብሰዋል። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፣ የመኪና ጎማ የሚያክል ነጭ ባርኔጣ።

«ለለቅሶ ነጭ?» አለች ቨርኒስ።

«ጥቁር ለሚያዝን ሰው ነው። እኔን ምን አሳዘነኝ?»

«አክስቴ፣ ግድ የለሽም፣ ደውዬ ልንገራቸው። ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው።»

«ሞቼ ሳለሁ ሁለት ረድፍ ወንበር ሰጡኝ» አሉ እማማ ጓንታቸውን እየሳቡ። «በሕይወት ሳለሁ አንድ ክፍል አልሰጡኝም። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

ቨርኒስ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ባርኔጣው መኪናው ውስጥ ስለማይበቃ እማማ መስኮቱን ከፍተው ጠርዙን ወደ ውጭ አስወጥተውታል። የድሮው የትምባሆ ፋብሪካ አሁን ቢሮና ቡና ቤት ሆኗል፤ አንዱ ስኒ ስድስት ዶላር። ከዚያ የውሻ ገላ ማጠቢያ አለ፤ ዋጋው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ቨርኒስ ፀጉሯን ለመሠራት ከምትከፍለው ይበልጣል። እማማ ሃምሳ ዓመት የሚያውቋቸው የእንጨት ቤቶች ሁሉ አመድማ ቀለም ተቀብተው፣ በራቸው ጥቁር ሆኖ፣ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር እየተጠራባቸው ነው። የወይዘሮ ፊሊስ ልብስ ስፌት ቤት ምግብ ቤት ሆኖ ውጭ ባቆመው ሰሌዳ ላይ ጎመን በአሥራ አራት ዶላር ይላል። እማማ «ቀስ በይ» ብለው አነበቡት፣ መኪናውን አስመለሱና ደግመው አነበቡት። «ሥጋ አለበት?» ሲሉ ጠየቁ። ቨርኒስ የለበትም ስትላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። ሉቬኒያ ቲልማን መኖሪያ የሚለው ጽሑፍ ሰው የሚያክሉ የነሐስ ፊደላት ሆኖ በሩ ላይ ተሰድሯል። አንዲት አስተናጋጅ፣ «የሟች ቤተሰብ ከፊት ይቀመጥ» እያለች ለቤተሰቡ በደረታቸው ላይ ነጭ ሪባን ትሰካለች። ለእማማም ሰካችላቸውና እጃቸውን ይዛ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቨርኒስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አየች፤ ሁለቱ ረድፍ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሪባን ያላደረገ የለም፤ ከመካከላቸው ግን አንድም ሰው አታውቅም።

«እኚህ ሽማግሌ ማናቸው?» አለች በሹክሹክታ።

«ጋሼ ኮርኔሊየስ። የአጎቴ ልጅ ናቸው።»

«የትኛው አጎትሽ?»

«የሩቁ።»

ከጋሼ ኮርኔሊየስ ቀጥሎ የጣሪያ ሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ከሁለት ልጆቹ ጋር ተቀምጧል፤ ዊልመር ይባላል፣ ከሆንዱራስ የመጣ ነው፣ እማማን በሰባራ እንግሊዝኛ «አክስቴ» ብሎ ጉንጫቸውን ሳማቸው። ቨርኒስ ይህን ሰውዬ የት እንዳየችው ለማስታወስ ስትታገል የኩባንያው ባለቤት ሚስተር ዊትኮም መጣ። ረጅም፣ ቀይ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ከረድፉ ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ እየጨበጠ አጽናና። ጋሼ ኮርኔሊየስን አጽናና። ዊልመርንና ልጆቹን አጽናና። እማማ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«ታላቅ ሴት ነበሩ» አላቸው።

«ምላሷ ግን አያድርስ ነበር» አሉ እማማ።

«ሰምቻለሁ» አለ ሚስተር ዊትኮም ፈገግ ብሎ። «ዛሬ አብረውን ቢሆኑ ምንኛ ደስ ባለኝ።»

«እሷም ደስ ይላት ነበር። ቤት ትወዳለች።»

ቨርኒስ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሳል አስመሰለችው። ከሚስተር ዊትኮም ኋላ ኬንድራ፣ ያቺ የማከራያ ቢሮው ልጅ፣ ቆማለች፤ እማማን አየች፣ ባርኔጣውን አየች፣ ከዚያ ሁለቱን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። አፏን ልትከፍት ስትል እማማ ጓንታም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ልጅቷ አፏን ዘጋች።

ንግግሩ ረዘመ። ባንኩን የወከለው ሰው ባንኩ ሰፈሩን እንደሚወድ ተናገረ። ከክልሉ ቤቶች ቢሮ የመጡት ባለሥልጣን የግብር ቅናሹን አመሰገኑ፤ ግብር ሲመሰገን ሕዝቡ ማጨብጨብ አለማጨብጨቡን ስላላወቀ ግማሹ አጨበጨበ። ሚስተር ዊትኮም እማማ ሉቬኒያ በዚህ ማዕዘን ላይ የተራበ እንዳበሉ፣ ያልከፈለንም እንዳልመለሱ ተናገረ። እማማ ወደ ቨርኒስ ጆሮ ተጠግተው፣ «ውሸት፣ ስንቱን በማማሰያ አባርሬአለሁ» አሉ። ከዚያ ከበሮ ተመታና ባባ ኩፊ ሰፊ ባለቀለም ቀሚሱን እየሳበ ወደ መድረኩ ወጣ። በዚህ ሰፈር እንዲህ ባለ ቀን፣ ያለፉትን ሰዎች ስም በየተራ እየጠሩ በአበባ ማሰሮ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ደንብ ነው። ሕዝቡም በየስሙ «አሼ» ይላል፤ አሜን እንደማለት ነው። ባባ ኩፊ ይህን ለብዙ ዓመት የያዘ ሰው ነው፤ ስሙን ከመቀየሩ በፊት ሌሮይ ነበር።

አንድ ስም ጠራ፣ በጣሳ ውሃ አፈሰሰ። «አሼ» አለ ሕዝቡ። ሌላ ጠራ። «አሼ።» ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፤ ማስመሰል አልነበረም፣ በልጅነቱ የእማማን ዓሣ በዱቤ በልቶ ዱቤውን ረስቷል።

«እማማ ሉቬኒያ ቲልማን» አለ።

«አሼ» አለ ሕዝቡ።

«አቤት» አሉ እማማ ሉቬኒያ ተነሥተው።

ባባ ኩፊ ቀና አለ። ውሃው ማሰሮውን ትቶ ጫማው ላይ እየፈሰሰ ነው፤ አላወቀውም።

«እማማ? ሞተዋል እኮ!»

«ማን አለህ?»

ባባ ኩፊ ግራ ገብቶት ዞር አለና በሩ ላይ ያሉትን ፊደላት በጣቱ አሳየ።

«ፊደል ያወራል እንዴ? ና ወዲህ፣ ጨርሰህ አታፍስሰው፣ ጠምቶኛል» አሉና ወደ መድረኩ ወጥተው ከእጁ ጣሳውን ተቀበሉ፤ የተረፈውን የሙታን ውሃ በቁማቸው ጨለጡት። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ቀጥሎ ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ። ባባ ኩፊ እያለቀሰም እየሳቀም እማማን አቀፋቸው። ቨርኒስ ፊቷን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መካከል ታያለች።

ሚስተር ዊትኮም ብልህ ሰው ነው፤ ቶሎ ነቃ። ማይኩን ያዘና ይህ ከተጠበቀው በላይ ታላቅ ደስታ ነው፣ ባለስሟ እናት በሕይወት መካከላችን አሉ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እማማ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«እኔም ደስ ብሎኛል» አሉ። «ባለፈው ወር እዚህ ቤት ክፍል ልከራይ ብዬ መጥቼ ድሃ ነሽ ብላችሁ መልሳችሁኛል። አልቀየምም። ግን ስሜ ውጭ በረንዳ ላይ ሲያድር እኔ ሌላ ቦታ ማደሬ ለስሜም ለእኔም ደግ አይደለም። ከሁለት አንዱን አድርጉ። ወይ ስሜን አውርዱ፣ ወይ እኔን አስገቡ።»

«እማማ፣ እኛም ብንወድ… ደንብ ነው» አለ ሚስተር ዊትኮም። «ፕሮግራሙ ደንብ አለው።»

«ደንቡን የጻፈው ማነው?»

ሚስተር ዊትኮም ወደ ባንኩ ሰው አየ። የባንኩ ሰው ወደ ባለሥልጣኑ አየ። ባለሥልጣኑ የሚያዩት ሰው ስላጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ከዚህ በላይ የሚያገኝ አይግባ የሚለው የእኛ ነው። ከዚህ በታች የሚያገኝ አይግባ የሚለውን ግን እኛ አላወጣነውም» አሉ። የሁሉም ዓይን ወደ መጣበት ተመለሰ። የሚስተር ዊትኮም ፊት ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ወጣ።

«የእኛ ነው» አለ በመጨረሻ።

«የእግዜር መስሎኝ ፈርቼው ነበር» አሉ እማማ። «የራስህ ከሆነማ ምን አስጨነቀህ? ኪራዬን ከከፈልኩ የተረፈው ሆዴን ለማጥገብ ይበቃ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስከራይ አንድ ቀን አላሳለፍኩም።»

«እሺ» አለ ሚስተር ዊትኮም። «እሺ፣ ለእርስዎ። ዛሬውኑ ቁልፍ ይሰጥዎታል።»

ሕዝቡ ሊያጨበጭብ ሲል እማማ እጃቸውን አነሱ። ቨርኒስ፣ «ምነው አክስቴ አሁን ዝም ባለች፣ ምነው ቁልፉን በተቀበለች» ብላ ተነፈሰች።

«እኔ ብቻዬን አልመጣሁም። ቤተሰብ ይምጣ ተብሎ ነው» አሉ እማማ። «እስቲ ቤተሰብ፣ ተነሡ።»

ሁለቱ ረድፍ በሙሉ ተነሣ። ጋሼ ኮርኔሊየስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ዊልመር ታናሹን ልጁን ታቅፎ ተነሣ። ቨርኒስ አሁን ገና ሰውዬውን የት እንዳየችው ትዝ አላት፤ ማከራያ ቢሮው በር ላይ ከእማማ ጋር ስልክ ቁጥር ሲለዋወጥ ነው። ኬንድራ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እሷማ መጀመሪያውኑ አውቃቸዋለች፣ ሁሉንም አንሳችኋል ብላ የመለሰቻቸው እሷው ነች።

«እነዚህ ሁሉ ዘመዶችዎ ናቸው?» አለ ሚስተር ዊትኮም።

«አንድ በአንድ እየጨበጥክ ያጽናናሃቸው አንተው ነህ» አሉ እማማ። «አሁን ፊት ለፊት ልትክዳቸው ነው?»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ባለሥልጣኑ ናቸው፤ እሳቸው ሲያጨበጭቡ የባንኩ ሰው ሊቀር አልቻለም፤ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ተነሣ። ሚስተር ዊትኮም ጥቂት ቆሞ አየና፣ ሌላ ማድረግ የሚችለው ስላልነበረ፣ እሱም አጨበጨበ። «ደንቡ ተነሥቷል» አለ በማይኩ። ኬንድራ ሰኞ ጠዋት ሌላ ነገር እንዳይባል ቃሉን ከነሰዓቱ መዳፏ ላይ በእስክርቢቶ ስትጽፍ ቨርኒስ አየቻትና ልጅቷን ወደደቻት።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዲስ ቀለም ይሸታል። አንድ መኝታ፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ ሲከፈት መጀመሪያ የሚንተፋተፍ ቧንቧ። እማማ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ዘጉ፣ ምድጃውን አብርተው አጠፉ፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ መታ መታ አድርገው ጎረቤት ይሰማ እንደሆነ አዳመጡ። ቨርኒስ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ስታስበው የነበረው ሁሉ ሆኗል፤ የኋላው ክፍል ተለቋል፣ ማንንም ማስከፋት አላስፈለጋትም። ታዲያ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ምንድነው? ነገ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ እንቁላል የሚገለብጥ ሰው አይኖርም።

«ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ መስኮቱን አየችና፣ «ዛሬ ይበርዳል» አለች።

እማማ ከወጥ ቤቱ ዞረው አዩዋት።

«አልጋዬን ለሕፃኑ አትስጡት፣ ከፍ ይልበታል፣ ይወድቃል» አሉ። «የቴሬል ሚስት ደግሞ ፀሐይ የምትወድ ከሆነ መጋረጃውን ቀይሩላት፣ ያ የእኔ ጨለማ ነው።»

 ቨርኒስ ስትፈልገው የከረመችው ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ መሃል ቤት ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«በስልክ ስትንሾካሾኪ ከምትጮኺው በላይ ይሰማል። በልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ።»

«ልነግርሽ ነበር እኮ፣ አክስቴ። በእግዜር፣ በየቀኑ ልነግርሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ እማማ ጓንታቸውን እያወለቁ። «አንቺ እስክትነግሪኝ ብጠብቅ ግን እውነትም እሞት ነበር።»

ቨርኒስ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባትና ወንበር ስላልነበረ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እማማም ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ነጩን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አጠገቧ ተቀመጡ።